ኮሶ የጠጣችው ዶሮ

በሕይወቴ የመጀመሪያውን በሽታ የመረመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ታካሚዋ ዶሮ ነበረች፤ ምርመራዬም ከሞላ ጎደል ስህተት ነበር። ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ እያየሁ የምውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እናቴ እናትዓለም ሥራዬን ለእንግዳ ስታስረዳ «ከዶሮ ኩስ ጀምራ ነው እዚህ የደረሰች» ትላለች። ልክ ናት። ያን ጊዜ ስንት ውሸት እንደዋሸችኝ ግን ለእንግዳ አትናገርም፤ እሱን እኔ እናገራለሁ።

ዶሮዋ ገብስማ ነበረች። ከደቅ ደሴት የሚመጡ ዘመዶቻችን ገና ጫጩት ሳለች በታንኳ አምጥተው ለእኔ የሰጡኝ ናት። እግሯን ከፍ እያደረገች፣ መሬቱን እየተጸየፈች ስለምትራመድ «እሜቴ» አልኳት። አባቴ አምባቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና ከስብሰባ የሰማውን ሁሉ ቤት ይዞ ይመጣል፤ እሜቴና ጌቶች የሚባል ነገር በአብዮቱ ቀርቷል፣ ጓዲት በያት እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እሜቴ ግን ስለ አብዮቱ የሰማች አትመስልም። ሌሎቹን ዶሮዎች ከጥሬው ላይ ገፍትራ ለብቻዋ ትበላለች፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዳ ደንገሉ ሥር እርጥቡን መሬት ስትጭር ትውላለች።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ እሜቴ ታመመች። ከራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጣ፤ ክንፎቿን መጎተት ጀመረች፤ ዕንቁላል መጣልም አቆመች። እናቴ መጀመሪያ ፈንግል ነው ብላ ደንግጣ ነበር። ፈንግል ግን አንዴ ከገባ የሰፈሩን ዶሮ በሦስት ቀን ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ የእሜቴ ደግሞ ቀስ እያለ የሚያከሳ በሽታ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ለይታ ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋችባት። እኔንም፣ ትሉ ይተላለፍብሻል፣ በሩ አጠገብ እንዳላይሽ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እናቴ ለዶሮ እንዲህ ታዝናለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ትልቁን አበባ ያለበትን ሳህን ሞልታ፣ በሌላ ሳህን ከድና፣ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ዕቃ ቤቱ ትገባለች። ስትወጣ ሳህኑ ባዶ ነው። ሽሮ ገብቶ ባዶ፣ ጎመን ገብቶ ባዶ። አንድ ቀን የተጠበሰ ዓሣ ገብቶ የወጣው አጥንቱ ብቻ ነበር፤ ያውም ሳህኑ ዳር ተራ በተራ ተደርድሮ። ያን ቀን የእሜቴን ጨዋነት አደነቅኩ። በጣውላው ስንጥቅ ሳያት ግን ያው ከስታለች፤ እንዲያውም ብሶባታል።

ነገሩን ማሰላሰል ጀመርኩ። ያን ያህል የሚበላ፣ የበላው ደግሞ የማይታይበት ምን ይባላል? በእኛ ሰፈር ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ኮሶ አለበት ነው የሚባለው።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የማልደብቀው፣ ከእኔ ግን እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቴ የተደበቀ ነገር አለ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከከሰሉና ከጆንያው ጀርባ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም አለበል ተኝቶ ነበር። ከይፋግ ገበያ ለጦር ሜዳ ታፍሶ፣ ከመኪና ላይ ዘሎ አምልጦ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ነው እኛ ቤት የደረሰው። ከተገኘ ወደ ግንባር ይላካል፤ የደበቁትም ይታሰራሉ። እኔ «ጋሼ አለበል የት ነው?» ባልኩ ቁጥር «ደቅ ሄዷል» እባል ነበር። እናቴ ዛሬ ስታወራው፣ እሜቴን እግዜር ነው ያሳመመልኝ ትላለች፤ ወደዚያች ቤት ቀኑን ሙሉ ለመመላለስ ምክንያት አጥታ ነበርና።

ያንን ምክንያት ላበላሽባት ትንሽ ነው የቀረኝ። ምርመራዬን በሆዴ መያዝ አልሆነልኝም። ቦኖ ውሃ ተራ ይዘን ቆመን ሳለ፣ ዶሮአችን በቀን ሦስት እንጀራ እንደምትበላ፣ ዓሣም እንደምትወድ፣ ኮሶ ስላለባት ግን እንደማይሆንላት ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። ሴቶቹ ሳቁ። ያልሳቀው ተራ የሚያስከብረው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ዳኘው ብቻ ነበር። ረጅም፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። እኛ የሰፈር ልጆች በበዓል ሰሞን የሰው ዶሮ ይወስዳል እያልን እናማው ነበር፤ ሲወስድ ያየው ግን አልነበረም። ጎንበስ ብሎ «ሦስት እንጀራ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «እሑድ እሑድ አራት ትበላለች።»

ጢሙን ዳሰሰ። ዶሮዬን በሐሳቡ ድስት ውስጥ እንደከተታት ወዲያው ገባኝ።

ይህንኑ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ታድርገኝ? አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ዱካ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ጀመር። እኔም ለእሜቴ የተጨነቀች መስሎኝ፣ አይዞሽ እማዬ፣ በሩን ዘግተን እንጠብቃታለን እያልኩ አጽናናኋት።

ይባስ ብዬ በማግስቱ ሐኪም ጠራሁ። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ጋሼ ክንዱ የግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ብስክሌቱን ሲያቆም ጠብቄ የእሜቴን ነገር ዘርዝሬ ነገርኩትና እጁን እየጎተትኩ አመጣሁት። እናቴ የዕቃ ቤቱን በር በጀርባዋ ጋርዳ፣ ለአንዲት ዶሮ ብለህ አትድከም ብላ ለመነችው። እሱ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ወስፋት ከሆነ ሌሎቹንም ይጨርሳቸዋል፣ አንዴ ልያት ብሎ በጎኗ አልፎ ገባ። እኔም በእግሮቹ መሃል ሾልኬ ገባሁ።

እሜቴን አንሥቶ በብብቱ ሥር አቀፋት። ደረቷን ዳሰሰ፤ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ወጥቷል። የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየ፤ ላባዋን እየገላለጠ ቅማል ፈለገ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት ስንጥር ኩሷን ዘርዘር አደረገውና ጠራኝ። ክር የመሰለ፣ ነጭ፣ ከጣቴ የሚረዝም ነገር ይንፏቀቃል። ኮሶ ነው አይደል አልኩት በኩራት። ኮሶ ጠፍጣፋ ሆኖ እየተቆረጠ እንደሚወጣ፣ ይህ ግን ወስፋት እንደሆነ፣ ዕንቁላሉን ከሐይቁ ዳር ከእርጥቡ መሬት ለቅማ እንደዋጠችው አስረዳኝ። ምርመራዬ ሲፈርስ ደስ አላለኝም።

«በቀን ሦስት እንጀራ ትበላለች እኮ» አልኩት የመጨረሻ ማስረጃዬን ሳወጣ።

ጋሼ ክንዱ መሬት ላይ የቀረውን አበባማ ሳህን አየ። ቀጥሎ የእናቴን ፊት አየ። የእናቴ ፊት ከእሜቴ የባሰ ገርጥቶ ነበር።

«ዶሮ በቀን የምትበላው እፍኝ አይሞላም» አለ ቀስ ብሎ። ስንጥሩን ጣለና «ወስፋት የያዛት ግን ምን ይታወቃል» ብሎ ጨመረበት።

ከዚያ ትእዛዙን ሰጠ። ዛሬ ማታ ምግብም ውሃም እንዳይሰጣት፤ ነገ ጠዋት መድኃኒቱን በውሃ በጥብጦ ራሱ ይሰጣታል፤ ትሉ እስኪወጣ በሩ ተዘግቶባት ትውላለች። ይህን ሁሉ የተናገረው ለእናቴ ነው። የቀረውን ግን ፊቱን ወደ ጆንያው አዙሮ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ነበር የተናገረው።

«ነገ በሰፈሩ ብዙ እንግዳ ይዞራል ሲባል ሰምቻለሁ። በሽተኛዋ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳታሰማ ትዋል።»

ለዶሮ እንዲህ በአክብሮት የሚናገር ሐኪም ነው ብዬ አደነቅኩት።

የሆድ ትል መድኃኒት ሲባል ለእኔ ኮሶ ነው፤ ጋሼ ክንዱ የፈለገውን ስም ቢሰጠው። የኮሶን ሥርዓት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቴ ጥሬ ሥጋ ይወዳል፤ ሐኪም ቤት ክኒን እያለ እሱ የሚያምነው ኮሶን ነው። በየሁለት ወሩ ሳይበላ ያድርና ጠዋት አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል። ያን ቀን ሰው አያየውም፣ ማንም አይጠራውም። ደጃፍ ዱካ ይዤ የምቀመጠው እኔ ነኝ። «አባባ ኮሶ ጠጥቷል» ስል፣ የመጣው ሹምም ሆነ ቄስ «እግዜር ያሽርለት» ብሎ ከደጅ ይመለሳል። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው።

በማግስቱ ጋሼ ክንዱ ነጩን ዱቄት በጥብጦ አቀረበላት። ሌሊቱን ውሃ ሳትቀምስ ስላደረች ሳትግደረደር ጠጣችው። እሱ ወደ ሥራው ሄደ፣ አባቴም ፋብሪካ ነበር። እኔ ዱካዬን አውጥቼ ደጃፍ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ ዳኘው ሁለት ወጣት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ቤት ለቤት እየገቡ፣ ፈትሸው የወጡበትን በር በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። ለእኔ ግን የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቦኖው ላይ የሰማትን ዶሮ ሊወስድ ነው። እግሬን አንፈራጥጬ በሩ መሃል ቆምኩ። በሩን አልለቅም።

«እናትሽ አለች?» አለኝ።

«አለች። መግባት ግን አይቻልም፤ ዶሮዬ ኮሶ ጠጥታለች።»

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው እኔን ገለል ሊያደርግ እጁን ዘረጋ። ጓድ ዳኘው አልሳቀም።

«መች ጠጣች?»

«አሁን ጠዋት።»

«አላሻራትም?»

«ገና ነው።»

በዚህ መሃል ከጓሮ ማስነጠስ ተሰማ። ዛሬ ሳስበው የከሰል አቧራ ነው፤ ያን ዕለት ግን የቆርቆሮ ጣራው የተነሣ ነው የመሰለኝ። ወጣቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። የሁሉም ዓይን ወደ ጓሮ ዞረ። በሽተኛዬ ሐኪሙ ያዘዘውን ስላፈረሰች እኔ አፈርኩላት።

«እሷ ናት» አልኩ። «መድኃኒቱ መረራት።»

ጓድ ዳኘው መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በአናቴ ላይ አሻግሮ የዕቃ ቤቱን ጣራ ሲመለከት ቆየ። የጠመንጃውን ማንገቻ ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይማራት» አለ።

ወደ ወጣቶቹ ዞሮ፣ ኮሶ የተጠጣበት ደጅ እንደማይረገጥ አባቶቻችሁ አላስተማሯችሁም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አንደኛው «ጓድ፣ ዶሮ እኮ ናት» ሊል ሞከረ።

«ዶሮስ ብትሆን፣ ሆድ የላትም?» አለው። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና በራችን ላይ እንደ ተፈተሸ ቤት ምልክት አድርጎ ሄደ።

ስገባ እናቴ ከበሩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎትታ አቀፈችኝና ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ እጄን ሳመችኝ። አይዞሽ፣ አይበላትም፣ መልሼዋለሁ አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እሜቴን አሻራት። እናቴ ገለባውን አውጥታ ከማቃጠሏ በፊት ሃያ ሰባት ወስፋት ቆጠርኩ። ለአባቴ ማሻሪያ ዶሮ ወጥ ነበር የሚሠራለት፤ ለእሜቴ እሱን ማቅረብ ነውር ስለመሰለኝ ስንዴ አስቀቀልኩላት። ጋሼ ክንዱ በሆዷ የቀረው የትል ዕንቁላል ይፈለፈላል ብሎ በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ደገመላት። በነዚያው ሳምንታት፣ አንድ ማለዳ፣ አለበል በታንኳ የደንገል ጭነት ሥር ተጋድሞ ወደ ደቅ ሄደ። እንዲህ አድርጎ የእናቴን ውሸት እውነት አደረገላት። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ወደ ዕቃ ቤቱ መመላለስ አቆመ። እሜቴም በእፍኝ ጥሬ ብቻ እየወፈረች፣ ራሷ እየቀላ ሄደ፤ ኅዳር ላይ ዕንቁላል ጣለች። እኔ በሕክምናው ተደነቅኩ። ለካ ሦስቱን እንጀራ ይበላ የነበረው ወስፋቱ ነው።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ አለበል ጢም አብቅሎ ከደቅ ተመለሰ፣ ጓድ ዳኘው ደግሞ ከሌሎች ጥበቃዎች ጋር ታሰረ። ወደ እሜቴ ሮጬ ሄጄ «ጠላትሽ ታሰረልሽ» ብዬ አበሠርኳት። ያልገባኝ የእናቴ ነገር ነበር። ያንኑ አበባማ ሳህን ሞልታ፣ ከድና፣ በነጠላዋ ሸፍና በየሳምንቱ ስንቅ ታደርስለት ጀመር። ሳህኑም ያው ባዶውን ይመለሳል። ለዶሮ ሌባ ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሻል ብዬ አኮረፍኳት። የታሰረን መጠየቅ ጽድቅ ነው አለችኝ።

በሰማንያ አራት፣ ጓድ ዳኘው በተፈታ ሰሞን፣ ለእንቁጣጣሽ፣ እሜቴ ከቆጧ ጠፋች። «ደቅ ሄደች» አለችኝ እናቴ። «ዘመዶቿ ናፍቀዋት።» አንድ ሳምንት አለቀስኩ። ጋሼ አለበል ከደቅ የተመለሰ ስለሆነ እሷም ትመለሳለች ብዬ፣ ወደብ ላይ የሚያርፈውን ታንኳ ሁሉ ስለ አንዲት ገብስማ ዶሮ እጠይቅ ነበር። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ደኅና ናት፣ ሰላም ብላሻለች ይሉኛል። አገሩ ሁሉ ተስማምቶ ነው የዋሸኝ።

የዕቃ ቤቱን ምሥጢር በዐሥራ አምስት ዓመቴ ከነገሩኝ በኋላ ግን ጀግና ሆንኩ። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ባለጠመንጃውን በኮሶ እንዴት እንዳታለልኩት ሳወራ ሰው በሳቅ ይሞታል። ጓድ ዳኘው በእኔ ወሬ ውስጥ ዶሮና ሰው ሲያስነጥስ መለየት የማይችል ቂል ነበር። አለበልም ይስቃል። የማትስቀው እናቴ ብቻ ናት፤ ተይ እንጂ ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ባለፈው ዓመት አንድ በከዘራ የሚሄድ ረጅም ሽማግሌ የምርመራ ወረቀት ይዞ ላቦራቶሪዬ ገባ። ወረቀቱ ላይ «ዳኘው» የሚለውን ሳነብ ቀና አልኩ። እሳቸውም አተኩረው አዩኝ።

«አንቺ የእናትዓለም ልጅ፣ ውዴ የምትባይው፣ አይደለሽም? ሦስት እንጀራ የምትበላ ዶሮ የነበረችሽ?»

«ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

«ዶሮ ስታስነጥስ የሰማሁ ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያታለልኩት የመሰለኝ ሰው፣ ከቦኖው ጀምሮ ሁሉንም አውቆ የተኛ ነበር። ለምን እንደተውን ጠየቅኳቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሣህሉ የሚባል ልጅ ነበረኝ» አሉ። «በፊተኛው ዓመት ነው ወደ ግንባር የሄደ። ወሬው ያን ጊዜም አልመጣ፣ ዛሬም አልመጣ። አንቺ ቦኖው ላይ ስታወሪ፣ እናትሽ ሳህን ሞልታ የምትገባበት ሰው እንዳላት ገባኝ። የእኔይቱ ሚስት ምግቡን ሠርታ የምታቀርብለት አጥታ ነበር። አንድ ቤት ይበቃል አልሁ።»

በየሠርጉ ሰው ስላሳቅኩባቸው ይቅር ይበሉኝ ብዬ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ድሮ ያላየሁት ፈገግታ ከጢማቸው ሥር ወጣ።

«ደግሞስ ውለታዬ መች ቀረ» አሉ። «የተፈታሁ ለት እናትሽ ትልቅ ድስት ተሸክማ መጣች። ገብስማዋን ነው ያረድሁልዎ አለችኝ። ፈረሰኛው ሳይቀር ከነሙሉ ብልቷ ለእኔ ነበር።»

ሠላሳ ዓመት ከደቅ ትመለሳለች ያልኳት እሜቴ ለካ ከሰፈራችን አልወጣችም። ኮሶ ያልኩት ወስፋት ነበር፤ ዶሮ ያልኩት ሰው ነበር፤ ቂል ያልኩት ሰው ከሁላችንም የበለጠ ብልህ ነበር። የሰባት ዓመቷ ውዴ በትክክል የመረመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓድ ዳኘው ዶሮዬን ይበላታል ብላ ነበር፣ በሏትም። እንባዬም ሳቄም እኩል መጡብኝ።

«ጣፍጣ ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴታ» አሉ። «ያከምሻት አንቺ አይደለሽ?»